ከድልድዩ በላይ

«ሁለተኛ ነዋ! ሌላ ምን ሊባል ኖሯል?» አለ ፀጉር አስተካካዩ ማበጠሪያውን ወደ አግዳሚው እየቀሰረ። የድሮው የመኪና ውድድር ሰዓት ያዥ ነጩን ጨርቅ እስከ አገጩ ተከናንቦ፣ ዓይኑን ጨፍኖ፣ ምላጩ አንገቱ ላይ እስኪያርፍ እየጠበቀ ነበር። ወሬው ከእሱ ጋር አልነበረም። አግዳሚው ላይ ተራ የሚጠብቁ አንድ የታክሲ ሹፌርና አንድ ጎማ ሻጭ ከገቡ ጀምሮ ዱላ ቀረሽ ክርክር ይዘዋል። ነገሩ የተነሳው ግድግዳው ላይ ከተለጠፈ ማስታወቂያ ነው። የአውቶሞቢል ክበቡ ዛሬ ከሰዓት በኋላ በአዳራሹ ውስጥ የዘመናት ሁሉ ታላቁን የውድድር ነጂ ያሳውቃል ይላል። ሹፌሩ የድሮዎቹን ይዟል። እነዚያ ቀበቶ ሳያስሩ፣ በተጣፈ ጎማ፣ በጠጠር መንገድ ነው ዳገቱን የወጡት፤ የዛሬዎቹን ከነዚያ መኪኖች አንዱ ላይ ብታስቀምጣቸው መጀመሪያው መታጠፊያ ላይ እናታቸውን ይጣራሉ አለ። ጎማ ሻጩ ደግሞ ለዛሬዋ ቻምፒዮን፣ ለቀጭኗ ልጅ ሽንጡን ገትሮ ተሟገተ። ልጅቷ ያንኑ ዳገት በአምስት ደቂቃ ትጨርሰዋለች፣ የእናንተዎቹ ከስድስት ደቂቃ በላይ ሲያዘግሙ ኖረው አሁን ምን ቁርጥ አድርጓቸው ነው ከሷ ጋር የሚወዳደሩት፣ ደግሞ ቁጥር እንደ ሰው አይዋሽም አለ። ሁለቱም የተስማሙበት አንድ ነገር ቢኖር ያ በአንድ ውድድር ተበልጦ «ሁለተኛው» የሚል ቅጽል የወጣለት የድሮ ነጂ ከነጭራሹ ስሙ መነሳት እንደሌለበት ነው።

«መኪና ያስተማረኝ እኮ እሱ ነው» አለ ፀጉር አስተካካዩ። «ወርቅ የሆነ ሰው ነው፣ አልዋሽም። ግን ፈሪ ነበር። መጨረሻው መታጠፊያ ላይ ፍሬን ያዘና በሁለት ጭረት ተበለጠ። እኔ ከኪሴ ያወጣሁት አይደለም፣ ራሱ ነው የነገረኝ። አይደለም እንዴ ጋሼ? ሰዓቱን የያዙት እርስዎ አይደሉ?»

ምላጩ አንገቱ ላይ ስለነበር ሰዓት ያዡ ራሱን መነቅነቅ አልቻለም፤ ደግነቱ ይህ ነበር። «ብዙ ጊዜ ሆነው» አለ። ፀጉር አስተካካዩም ይህን እንደ ምስክርነት ቆጥሮት፣ «ሰማችሁ አይደል!» እያለ ወደ ሥራው ተመለሰ። የማስተካከያው ሒሳብ ካለፈው ወር ወዲህ እጥፍ ሆኗል። ሰዓት ያዡ የልማዱን ክርክር ትቶ፣ መልሱንም ሳይቀበል ወጣ።

ከፀጉር ቤቱ እስከ ቤቱ ሰባት ደቂቃ ነው። ዛሬ ሃያ ሁለት ደቂቃ ፈጀበት። ይህን የሚያውቀው ሳይለካው የሚያልፈው ነገር ስለሌለ ነው። እንቁላል ሲቀቀል ይለካል፣ ሚስቱ ስልክ ስታወራ ይለካል፣ አንድ ጊዜ ለቅሶ ቤት ተቀምጦ የንግግሩን ርዝመት ሲለካ ሚስቱ ደርሳበት ሳምንት ሙሉ አኩርፋዋለች። በጡረታ ከወጣ በኋላ እንኳ ያችን ባውራ ጣት ተጭነው የሚያስነሷትንና የሚያቆሟትን ሰዓት ከኮቱ ኪስ አውጥቶ አያውቅም። መደወያዋ ላይ እያንዳንዱ ሴኮንድ በአምስት ጭረት ተከፍሏል፤ አንዱ ጭረት ሁለት ዐሥረኛ ነው። ሁለተኛው ሠላሳ ስምንት ዓመት ስሙን ያጣው በሁለቱ ጭረት ነው፤ ሁለቱንም ጭረት የሰረቀው ደግሞ እሱ ነው።

ሰዓት ያዥ ሥራውን ሲማር መጀመሪያ የሚነገረው መኪናውን እንዳያይ ነው። መኪናውን የሚያይ ሰው ጣቱ ይቸኩላል። ዓይኑን መሬት ላይ በኖራ የተሰመረችው መድረሻ ላይ ተክሎ፣ የፊት ጎማው መስመሩን ሲነካ ብቻ ነው የሚጫነው። እሱ ዐሥራ አንድ ዓመት እንዲያ ሠርቷል፣ አንድ ቀን ስህተት ተብሎበት አያውቅም። በዚያን ቀን ጓደኛው፣ ሌላኛው ሰዓት ያዥ፣ ጉንፋን ይዞት ስለቀረ መድረሻው ላይ የነበረችው ሰዓት የእሱ ብቻ ነበረች። ነጂዎቹ ዳገቱን የሚወጡት ተራ በተራ ነው፤ ሁለተኛው ቀድሞ ወጣ። መኪናውን ካቆመ በኋላ እንደ ደንቡ የራስ ቁሩን በብብቱ ይዞ ወደ ጠረጴዛው መጣና «ስንት?» አለ። ነጂ ሁሉ እንዲያ ነው የሚያደርገው፤ ከሌላ ሰው አይሰማም፣ በእግሩ መጥቶ ከሰዓት ያዡ አፍ ነው የሚሰማው። «ስድስት ደቂቃ፣ ከዐሥራ ስምንት፣ ከስድስት» አለው። ቁጥሩ እውነተኛ ነበር። ከዚያ የራሱ የሰዓት ያዡ ሚስት ታላቅ ወንድም ከታች ተነሳ። አማቱ እዚያው አጠገቡ ቆማ «ልጄን! ልጄን!» ትል ነበር። መኪናው ከመጨረሻው መታጠፊያ ብቅ ሲል እሱም እንደ ቤተሰብ ቀና ብሎ አየ። አየና ተጫነ። ሰዓቷ ስትቆም የመኪናው ጎማ ገና ነጩ ድንጋይ ዘንድ ነበር፤ ነጩ ድንጋይ ከመስመሩ ሠላሳ እርምጃ ይርቃል። ብዙ ዓመት አማቱ ክንዱን ነክታው እንደሆነ ለራሱ ሲነግር ኖረ። አልነካችውም። ነፍሷን ይማርና፣ ሁለት እጇን ራሷ ላይ ጭና ነበር።

መደወያው ዐሥራ ስምንት ከሁለት ይላል። ምን እንደሚጽፍ ገና ሲያመነታ፣ መደወያውን ከትከሻው በላይ ያዩት ጮኹ፣ ሕዝቡም አማቹን ትከሻው ላይ አወጣው። ሁለተኛው ግን ወደ ጠረጴዛው መጥቶ «እሱስ ስንት?» አለ። ነገረው። «እግዜር ይስጥልኝ» ብሎ ሄደ። ሰዓት ያዡ ነገ እናገራለሁ አለ። ነገ ደግሞ ግብዣ ነበር። በሳምንቱ አንድ መኪና አስመጪ ድርጅት አማቹን አሠልጣኝ አድርጎ ቀጠረው፤ አማቹም ውለታ የሚያውቅ ሰው ነውና እሱን እዚያው የመለዋወጫ ግምጃ ቤት ኃላፊ አድርጎ አስገባው። ዛሬ የሚኖርበት ቤት፣ የልጆቹ ትምህርት፣ ሁሉም የመጣው ከዚያች ጣት ነው። ሁለተኛው አንድ ጊዜ ለዚያው ድርጅት አመልክቶ «ቻምፒዮን አለን» ተብሎ ተመለሰ። ከዚያም የመንጃ ትምህርት ቤት ገባ። የአስተማሪ መኪና ከተሳፋሪው በኩልም ፍሬን አለው። ሰውየው ዕድሜውን ሁሉ እግሩን ፍሬን ላይ አድርጎ ኖረ ማለት ነው። 

ቤት ሲደርስ ሚስቱ ሁለት ሸሚዝ ተኩሳ ጨርሳ ሦስተኛውን ይዛለች። ሳሎኑ የተተኮሰ ጨርቅ ሽታ ሸቷል። በግራ በኩል ያለችው ክፍል የልጃቸው ነበረች፤ ከሦስት ዓመት ወዲህ፣ ወድቆ ግማሽ አካሉ ከዛለ ጀምሮ፣ የአማቹ የቻምፒዮኑ ናት። አገር ሁሉ አሁንም ቻምፒዮን ነው የሚለው፤ ዳቦ የምታመጣው ሴትዮ እንኳ «ቻምፒዮን እንዴት አደሩ?» ብላ ነው የምታንኳኳው። ሰዓት ያዡ ኮቱን ሳያወልቅ መጋረጃው አጠገብ ቆመና «ዛሬ ባንሄድስ?» አለ።

ሚስቱ ካውያውን ቀና አደረገችው። «ምን ሆነሃል? እሱ ከወር በፊት ጀምሮ የሚጠብቀው ቀን ነው።»

«ሕዝብ ይበዛል፣ ይደክመዋል ብዬ ነው።»

«እሱ ነው የሚደክመው ወይስ አንተ?» አለችና ትንሽ አየችው። ሠላሳ ዘጠኝ ዓመት አብረው ኖረዋል። ያ ውድድር በተነሳ ቁጥር ባሏ ተነስቶ ውሃ ሊጠጣ እንደሚሄድ ታውቃለች፤ ለምን እንደሆነ ግን ጠይቃው አታውቅም፣ እሱም አስጠይቋት አያውቅም። ካውያውን መልሳ አነሳች። «ሂድና ልብሱን አልብሰው፤ እኔ ስይዘው ይቆጣል።»

ቻምፒዮኑ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጧል። ከጭንቅላቱ በላይ ያ ፎቶግራፍ ተሰቅሏል፤ በሰው ትከሻ ላይ ሆኖ፣ አፉን ከፍቶ፣ እጁን ወደ ሰማይ ዘርግቶ። ከፎቶግራፉ ጥግ ላይ የአንድ ሰው ግማሽ ፊት ይታያል። ጠረጴዛ ላይ አጎንብሶ የሚጽፍ ሰው ነው። ሰዓት ያዡ የዛለውን ክንድ ቀስ ብሎ እጅጌው ውስጥ አስገባ፣ ከዚያ ጤነኛውን፣ ከዚያ ቁልፎቹን ከታች ወደ ላይ መቆለፍ ጀመረ። አንገቱ ዘንድ ያለችው የመጨረሻዋ ቁልፍ ጠባብ ናት፤ ሁልጊዜ ታስቸግራለች።

«እንዳታንቀኝ» አለ ቻምፒዮኑ። ከወደቀ ወዲህ ቃላቱ ባንድ በኩል ነው የሚወጡት። «ስማ፣ ዛሬ ከድልድዩ በላይ ያለውን መንገድ ነው የምነግራቸው። እንዴት እንደነዳሁት።»

«ጥሩ ነው ጋሼ።»

«ገርሞኝ አያልቅም እኮ። ድልድዩ ላይ ወደ ኋላ እንደቀረሁ ታውቆኝ ነበር። ሞተሩም ያን ያህል አልነበረም። ከዚያ በላይ ግን የሆነ ነገር ገፋኝ።» ጤነኛ እጁን አንስቶ የሰዓት ያዡን ጉንጭ ነካ አደረገ። «አንተ ባትኖርልኝ ምን ይውጠኝ ነበር?»

ሰዓት ያዡ ቁልፏን አስገባት።  ጎንበስ ብሎ ጫማውን ያስርለት ጀመር፣ እስኪረጋጋ ድረስም ክሩን ሁለት ጊዜ ፈትቶ አሰረው።

ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ አዳራሹ ጢም ብሏል። የፕላስቲክ ወንበሮች በረድፍ ተደርድረዋል፣ መድረኩ ላይ ነጭ ጨርቅ ተወጥሯል፣ ጥጉ ላይ ሻይ በወረቀት ኩባያ ይታደላል። ወጣቶቹ ወደ ግራ፣ ሽማግሌዎቹ ወደ ቀኝ ተቀምጠው ከወዲሁ መተራረብ ይዘዋል። አንዱ ሽማግሌ «የናንተ መኪና ራሱ አይደል እንዴ የሚታጠፈው፣ እናንተ ምን ትሠራላችሁ፣ ሙዚቃ ትቀይራላችሁ?» ሲል አዳራሹ በሳቅ ተናጋ። ሁለተኛው ከኋላ በኩል ብቻውን ተቀምጧል። ሽበቱን በደንብ አበጥሮ፣ ከመሥሪያ ቤቱ የተሰጠውን ሰማያዊ ሹራብ ለብሶ። ለሰዓት ያዡ አንገቱን ሰበር አድርጎ ሰላምታ ሰጠው፣ ሰዓት ያዡም መለሰ። ላለፉት ሠላሳ ስምንት ዓመታት በመካከላቸው የነበረው ንግግር ይኸው ነው።

የሒሳብ አስተማሪዋ ከመድረኩ ወርዳ በጥድፊያ መጣች። ማወዳደሪያውን የሠራችው እሷ ናት፤ ከሁለት ሳምንት በፊት ቤቱ ድረስ መጥታ የድሮዎቹን የሰዓት መዝገቦች በካርቶን ሙሉ ወስዳለች። በዚያን ጊዜ ያችን አንዷን ወረቀት ጎትቶ ማስቀረት ይችል ነበር። አላስቀረም፤ ምናልባት አንድ ሰው እንዲያገኘው ፈልጎ ይሆናል።

«ጋሼ፣ ሳልጀምር አንድ ነገር ላሳይዎት» አለችና ወረቀት ዘረጋች። «የድሮን ሰው ከዛሬ ሰው ጋር በሰዓት ማወዳደር ከንቱ ነው። መንገዱ ተለውጧል፣ መኪናው ተለውጧል። እኔ ያደረግሁት እያንዳንዱን ነጂ በዚያኑ ቀን፣ በዚያው መንገድ፣ በእኩያው መኪና ከነዱት ጋር ብቻ ማስተያየት ነው። ከጊዜው ሰዎች ምን ያህል ራቀ? ይህን ከዘመን ዘመን ማወዳደር ይቻላል። አሁን ይህችን ይመልከቱ። ድልድዩ ላይም ሰዓት ይያዝ ነበር አይደል? እዚያ ላይ ያኛው ሰውዬ፣ ሁለተኛ የሚሏቸው፣ በስምንት ዐሥረኛ ሴኮንድ ይቀድማሉ። ከድልድዩ በላይ ሁለት ኪሎ ሜትር ብቻ ነው የቀረው። በሁለት ኪሎ ሜትር ቻምፒዮኑ ያንን ሁሉ መልሰው በአራት ዐሥረኛ በለጧቸው። በስልሳ ዓመት መዝገብ ውስጥ እንዲህ ያለ ነገር አንድ ጊዜ ብቻ ነው የታየው። ቀጭኗን ልጅ እንኳ የበለጧት በዚህችው ነው።»

«ስህተት ሊሆን አይችልም?» አለ ሰዓት ያዡ። ድምፁ ለራሱም እንግዳ ሆነበት።

«እኔም መጀመሪያ እንደዚያ ብዬ ነበር፤ ልሰርዘውም ነበር። በኋላ ግን ፊርማውን አየሁ።» ሳቀች። «የክበቡን ሰዎች ስጠይቃቸው፣ እሱ ከያዘው ሰማይ ቢደፋ አይሳሳትም አሉኝ። በእርስዎ ስም ነው የተውኩት።»

ይህ ሌላውን ሁሉ በለጠው። እስከዚያ ድረስ በደሉ አንድ ቀን የተሠራ፣ ያለፈ፣ አቧራ የለበሰ ነገር ይመስለው ነበር። አሁን ዛሬም በስሙ እየተሠራ ነው። ሄዶ ከሚስቱ ጎን ተቀመጠ።

የአስተማሪዋ ንግግር ሃያ አንድ ደቂቃ ፈጀ። ነጩ ጨርቅ ላይ ስሞች ከታች ወደ ላይ አንድ በአንድ ወጡ፤ የቀጭኗ ልጅ ስም ሁለተኛው ቦታ ላይ ሲቆም ወጣቶቹ አጉረመረሙ፣ የመጨረሻው ሲወጣ ሽማግሌዎቹ እንደ ልጅ ዘለሉ። ቻምፒዮኑን በተሽከርካሪ ወንበሩ ወደ መድረኩ አወጡት። በግማሽ አፉ ያንን ከድልድዩ በላይ ያለውን መንገድ ተረከ፣ የሆነ ነገር እንደገፋው ተናገረ፣ ፊቱ በእንባ ራሰ። ጭኑ ላይ የነሐስ ሳህን አስቀመጡለት። መድረክ መሪው በዚያ ደስታ መሐል ጨዋታ ያመጣ መስሎት «ጋሽ ሁለተኛም እዚህ አሉ! እስኪ ያን ቀን ምን እንደነካዎ ይንገሩን!» አለና ድምፅ ማጉያውን ወደ ኋላ አሳለፈ።

ሁለተኛው ተነሳ። አልተቆጣም። መቆጣቱንም የተወው ዱሮ ነው። «ምን ይነካኛል፤ ፍሬን ነካሁ» አለ። «መጨረሻው መታጠፊያ ላይ። ትንሽ ናት፣ እንዲህ ጫን አድርጌ ነው የለቀቅኋት። ማታ ማታ ሚስቴን እቀሰቅሳት ነበር፣ እግሬ ፍራሹን እየረገጠ። ‹ተው፣ አልፏል› ትለኝ ነበር። እሷም አለፈች። ፍሬኗን ባልነካት ኖሮ እላለሁ። ሌላ ምንም የለም። ቻምፒዮን፣ እንኳን ደስ ያለህ።» ሰው አጨበጨበለት።

ሰዓት ያዡ መቼ እንደተነሳ አላወቀም። ሚስቱ የኮቱን ጫፍ ይዛ «ውሃ ነው? ላምጣልህ» አለችው። «አይደለም» አለና ወደፊት ሄደ። ድምፅ ማጉያ አልያዘም፣ ግን ጭብጨባው እየሞተ ስለነበር ሁሉም ሰማው።

«ፍሬኑ አይደለም» አለ። «አንተ አልተሸነፍክም። ቻምፒዮኑ መስመሩን ሳይነካ ነው ሰዓቱን ያቆምኩት። ጎማው ነጩ ድንጋይ ጋ ነበር። ያን ሰዓት ያመጣው የእሱ እግር አይደለም፣ የኔ አውራ ጣት ነው። ያን ቀን አውቄዋለሁ፣ በማግሥቱም አውቄዋለሁ፣ በየቀኑ አውቄዋለሁ።»

 አስተማሪዋ እጇን አፏ ላይ አድርጋ ወረቀቷን ታያለች። ሚስቱ ከወንበሯ ተነሳች፤ አጠገቡ ደርሳ አለፈችውና ወደ መድረኩ ወጥታ ከወንድሟ ወንበር ጀርባ ቆመች፣ ሁለት እጇን ትከሻው ላይ አድርጋ። ቻምፒዮኑ አልጮኸም። ሰዓት ያዡን ትክ ብሎ እያየ ጤነኛ እጁን ወደ አንገቱ ሰደደና ጠዋት የተቆለፈችለትን ቁልፍ ለመፍታት ይታገል ጀመር። ባንድ እጅ የምትፈታ አልነበረችም። ሰዓት ያዡ ልማድ ሆኖበት ሊረዳው አንድ እርምጃ ሲራመድ፣ ሚስቱ በዓይኗ ብቻ ከለከለችው። ቆመ።  መሬት ተከፍታ ብትውጠው ይወድ ነበር፤ መሬቱ ግን ሲሚንቶ ነው።

ሁለተኛው ከኋላ ረድፍ ወጥቶ በወንበሮቹ መሐል ቀስ እያለ መጣ። ሰዎች እግራቸውን እየሰበሰቡ አሳለፉት። ሊመታው ነው ብሎ ያሰበ ሰው ነበር፣ ሊያቅፈው ነው ያለም አልጠፋም። ሰዓት ያዡ ፊት ሲደርስ ቆመ። ሰማያዊ ሹራቡን አውልቆ በብብቱ ይዞታል።

«በስንት?» አለ።

ሰዓት ያዡ አልገባውም። «ምኑን?»

«በስንት ቀደምኩት?»

አስተማሪዋ ከመድረኩ ላይ ፈጠን ብላ «ማስላት ይቻላል፣ ከድልድዩ ሰዓት ተነስተን፣ በግምት ከስድስት እስከ ስምንት ዐሥረኛ...» ስትል ሁለተኛው ዞር እንኳ ሳይል በእጁ አስቆማት። «አንቺ እዚያ አልነበርሽም ልጄ። ሰዓቱን የያዘውን ነው የጠየቅሁት።»

ሰዓት ያዡ እጁን ኪሱ ውስጥ አድርጎ ሰዓቷን ጨብጧታል። በሕይወቱ ሁሉ እንቁላሉንም፣ ለቅሶውንም፣ የሰውንም ወሬ ለክቷል። መኪናው ከነጩ ድንጋይ እስከ ኖራው መስመር የመጣበትን ጊዜ ግን አልለካም፤ ማንም አልለካውም። ያ ጊዜ በምድር ላይ የትም አልተጻፈም።

«አላውቅም» አለ። «ሰዓቱ ቆሞ ነበር።»

ሁለተኛው ራሱን ነቀነቀ። እንደዚያን ቀን «እግዜር ይስጥልኝ» አላለም፣ አልሄደምም። ሹራቡን በብብቱ እንደያዘ እዚያው ቆሞ ቁጥሩን ይጠብቅ ነበር።